መርዶ ይዤ ልጄ ወዳለችበት ደሴት

ይህን የምጽፈው ወደዚያች ደሴት እንድትሄዱ ለማባበል አይደለም። ነፋሷን የቀመሰ ሰው ሌላውን ሂድ ብሎ አይመክርም። ግን ከተመለስኩ ወዲህ እዚህ ቶሮንቶ ኢስት ዮርክ ያሉ ጓደኞቼ "ስኮትላንድ የት አደርሽ? ምን በላሽ? ሰዉስ እንዴት ነው?" እያሉ መቆሚያ መቀመጫ ስላሳጡኝ አንዴ ጽፌ ልገላገል ብዬ ነው። የደሴቲቱን ስም አልጠራም። ነዋሪዎቿ በጣም ጥቂት ስለሆኑ ስሟን ብጠራ የእያንዳንዳቸውን በር ያሳየሁ ይመስለኛል።

ሰናይት እባላለሁ። ቶሮንቶ መሃል ከተማ ባለ አንድ ሆቴል አሥራ ሰባት ዓመት አልጋ አንጥፌአለሁ። የሰው አልጋ ሳነጥፍ ኖሬ፣ ከፍዬ ሌላ ሰው ባነጠፈው አልጋ ላይ የተኛሁት ገና በዚህ ጉዞ ነው። አልሆነልኝም፤ እሱን እነግራችኋለሁ።

የሄድኩት መርዶ ይዤ ነው። ደሴ የነበረችው ታላቅ እህቴ ዘነበች ከጉዞዬ ሦስት ሳምንት ቀደም ብላ አርፋ ነበር። ልጄ ማህደር ደግሞ በዚያች ደሴት የባሕር ወፍ እየቆጠረች የምትኖር የሃያ ሰባት ዓመት ሴት ናት። ሥራዋ ይኸው ነው፣ ወፍ መቁጠር፤ ደመወዝም ይከፈላታል። እኔ ካናዳ ገብቼ ወረቀቴ እስኪስተካከል ድረስ፣ ከሦስት ዓመቷ እስከ አሥራ አንድ ዓመቷ ያሳደገቻት ዘነበች ናት። "እታለም" ነበር የምትላት። ቶሮንቶ ኤርፖርት ስቀበላት የገዛ ልጄ እኔን "እርስዎ" አለችኝ። አንቺ ለማለት አንድ ዓመት ፈጀባት። ታዲያ የእታለምን ሞት በስልክ ልነግራት ነው?

"ሰናይት፣ በስልክ እንዳትሞክሪው!" አሉኝ የማህበራችን ትልቅ ወይዘሮ ብርቄ። "ብቻዋን ያለች ልጅ ናት። ሰው ይዘሽ፣ በማለዳ፣ ቤቷ ድረስ ሄደሽ ነው የምታረጂያት።"

እኔም ከዚህ ሌላ አላውቅም። ደሴ ላሉት ዘመዶችም እዚህ ላሉትም አንድ በአንድ እየደወልኩ ማንም ትንፍሽ እንዳይል ለመንኩ። ለማህደር "ናፍቀሽኛል፣ ልመጣ ነው" አልኳት። እዚያ በኖረችባቸው አራት ዓመታት አንድም ቀን ሄጄ ስለማላውቅ "አሁን?" ብላ ጠየቀችኝ። "አዎ፣ እረፍት ተሰጠኝ" አልኩ። የጨነቀኝ ግን "ሰው ይዘሽ" የምትለዋ ቃል ነበረች። በዚያ በባሕር መሃል ማንን ይዤ?

ረቡዕ።

ጠዋት የሐበሻ ሱቆች ወዳሉበት ወደ ዳንፎርዝ ወርጄ በርበሬ፣ ሽሮና ቆሎ ገዛሁ። እንጀራም አስጠቀለልኩ። ሻንጣዬ ታች ጥቁር ቀሚሴንና ጥቁር ነጠላዬን አደረግኩና ምግቡን ከላያቸው ደረደርኩ፤ ማህደር ሻንጣውን ብትከፍተው መጀመሪያ የምታየው ሽሮውን እንዲሆን። ወይዘሮ ብርቄ ልጃቸውን አስነድተው ኤርፖርት ድረስ ሸኙኝ። ስንለያይ እንደ ለቅሶ ቤት እጄን ጨብጠው ቆዩ።

አውሮፕላን ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ስኮትላንድ ለመዝናናት ነው ወይስ ለሥራ የምሄደው ብሎ ጠየቀኝ። ልጄን ልጠይቅ ነው አልኩት። "ደስ ይላል!" አለኝ። እኔም ደስ ይላል አልኩ። ሌሊቱን እንቅልፍ ባይኔ አልዞረም።

ሐሙስ።

ግላስጎው ስወርድ ዝናብ ነበር። ከዚያ በባቡር ወደ ወደቡ ከተማ ሦስት ሰዓት ሄድኩ። መስኮቱን ይዤ ሳይ አገሩ ነሐሴ ላይ ያለ ወሎን ይመስላል፤ አረንጓዴ ተራራ፣ ጉም፣ በግ። ግን ሰው የለም። በወሎ ይህን ያህል መንገድ ተሂዶ ጃንጥላ የያዘ አንድ ሰው ሳይታይ አይቀርም። ለማን እንደሚያምር ሳላውቅ ሲያምር አየሁት።

ያደርኩት ከመጠጥ ቤት በላይ ባለች አንዲት ክፍል ነው። መታጠቢያው ሁለት ቧንቧ አለው፤ ከአንዱ የሚፈላ፣ ከሌላው በረዶ የሆነ ውኃ ይወርዳል፤ የሚቀላቀሉበት ቦታ ግን የለም። እጄን ከአንዱ ወደ አንዱ እያመላለስኩ ፊቴን ታጠብኩ። አንሶላው ማዕዘኑ ላይ በደንብ አልገባም ነበር። እተወዋለሁ አልኩ። አልቻልኩም። ተነሥቼ ፍራሹን ከፍ እያደረግኩ አልጋውን እንደገና አነጠፍኩት።

ስልኬ ጮኸ። ማህደር ናት።

"እማ፣ ደረስሽ?"

"ደርሻለሁ። ነገ በመርከቡ እመጣለሁ።"

"እሺ። ለእታለም ደውለሽላት ነበር? እንዴት ናት?"

"ደህና ናት" አልኩ። "ትንሽ ጉንፋን ይዟት ነበር፣ አሁን ግን ደህና ናት።"

ጉንፋኑን ማን ጨምሪ አለኝ? ውሸት የማይችል ሰው ሲዋሽ ያበዛዋል።

"ኦኬ" አለችና ዘጋችው።

ዓርብ።

ነፋሱ ስለበረታ መርከቡ ቀረ። ወደቡ ላይ ሻንጣ ይዤ ስቆም እንደኔ የቀሩት ሁሉ ትከሻቸውን ነቅንቀው ተበተኑ፤ ለካ እነሱ ለምደውታል። እኔ ወደዚያችው ክፍል ተመለስኩ። ቀኑን ሙሉ መስኮት ላይ ተቀምጬ ግራጫ ባሕር ሳይ ዋልኩ። ኢስት ዮርክ ብሆን ይኼኔ ሦስት ሰው ደውሎልኝ ነበር። እዚህ ስሜን የሚያውቅ ሰው የለም፤ የያዝኩትን ነገር የሚያውቁት ደግሞ ሁሉም ባሕር ማዶ ናቸው። አንድ ጊዜ ለራሴ ጮክ ብዬ "ዘነበች ሞታለች" አልኩ። ድምፄ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ።

ማታ መጠጥ ቤቱ ወርጄ፣ ዓርብ ስለሆነ ድንች ጥብስ ብቻ አዘዝኩ። ባለቤቱ ጢማም ሰውዬ ነው። አየኝ፣ አየኝና ትልቅ የዓሣ ጥብስ አምጥቶ አጠገቤ አስቀመጠ። "ሂሳብ የለውም" አለኝ ቀስ ብሎ። ገንዘብ ያጣሁ መስሎታል። ስለ ጾም ማስረዳት ጀመርኩና ፊቱን ሳየው ተውኩት፤ ደግ ሰው ማሳፈር ሆነብኝ። ዓሣውን በናፕኪን ጠቅልዬ ወጣሁና ወደቡ ላይ ለአንዲት ነጭ ወፍ ሰጠሁ። ልጄ የምትቆጥራት ወፍ ከሆነች ጠግባ ትቆጠር።

ቅዳሜ።

መርከቡ ተነሣ። ጉዞው አምስት ሰዓት ይፈጃል። እኔ ከሁለተኛው ሰዓት ጀምሮ መሞቴ ነው ብዬ ነበር። አንዲት የመርከቡ ሠራተኛ መጥታ ወደ ደጅ አወጣችኝና "መሬቱን እዪ፣ ውኃውን አትዪ" አለችኝ። የቱ መሬት? ምንም መሬት አይታይም ነበር። በኋላ ግን እንደ ጭቃ እብጠት ያለ ነገር ከውኃው ወጣ። ይህችው ናት ማህደርን የወሰደችብኝ ደሴት።

ማህደር ቢጫ የዝናብ ልብስ ለብሳ ትጠብቀኝ ነበር። ከስታለች። አቀፍኳት፤ እሷም አቀፈችኝ፤ ግን እንደ በር ጠንካራ ሆነችብኝ።

ስለ ማደሪያ ለጠየቃችሁኝ፦ ደሴቲቱ ላይ አንድ ሆቴል ነበረ፣ ተዘግቷል። የወፍ ቆጣሪዎቹ ጎጆ ደሴቲቱ ጫፍ ላይ ናት፤ አራት ተደራራቢ አልጋ አላት፤ እንግዳ ማሳደር አይፈቀድም። የቀረው ፔጊ የሚባሉ ባልቴት በበጋ የሚያከራዩት ክፍል ነው። ማህደር ወደዚያ ወሰደችኝ። መንገድ ላይ ቅር እንዳለኝ አልደበቅኩም። ልጅ እያለኝ ተከራይቼ ላድር?

"እማ፣ ሩሉ ነው። ቪዚተር አላውድ አይደለም።"

"እናት ቪዚተር ናት?"

"እማ፣ ፕሊስ።"

ፔጊ ሰባ አምስት ዓመት ይሆናቸዋል። ነጭ ጸጉር፣ ትልቅ እጅ፣ ትንሽ ንግግር። እንግሊዝኛ አንቱታ የለውም እንጂ እኔ በልቤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ "እትዬ ፔጊ" ስላቸው ነበር። ክፍሉ ጣሪያው ዘቅዘቅ ያለ ነው፤ ስነሣ ሁለቴ ጭንቅላቴን መትቶኛል። አልጋው ውስጥ በክር በተሠራ ልብስ የተጠቀለለ የሙቅ ውኃ ላስቲክ አግኝቻለሁ። አንሶላው ማዕዘኑ ላይ በትክክል ገብቷል። ሴትዮዋን ያን ጊዜ ወደድኳቸው።

ማህደር መስኮቱ ጋ ቆማ ሻንጣውን ስከፍት ታየኝ ነበር። ሽሮውን አወጣሁ። በርበሬውን አወጣሁ። ከዚያ በታች አልሄድኩም።

"እታለምስ?" አለችኝ። "ለኔ ምንም አላለችም?"

"ሰላም ትልሻለች" አልኳት።

ፊቷን ወደ ባሕሩ አዞረች። "ነገ ሙሉ ቀን የወፍ ካውንት አለኝ" አለች። "ሰኞ ከሥራ በኋላ እመጣለሁ።" ሄደች። ቢጫ ልብሷ ኮረብታውን እስኪዞር በመስኮት አየኋት። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ለልጄ የሞተችን ሴት ሰላምታ ሰጥቼ ተቀመጥኩ።

እሁድ።

በበጋ እዚያ አገር ሌሊት የሚባል ነገር የለም ማለት ይቻላል። ከንጋቱ አሥር ሰዓት ላይ ብርሃኑ ፊቴ ላይ ነበር። እንቅልፍ ካጣሁ ወዲህ ቀኑ ምን እንደሆነም ጠፍቶብኛል። እትዬ ፔጊ ባርኔጣ አድርገው ሲወጡ ሰማሁ፤ የት እንደሄዱ አልጠየቅኩም። ቤቱ ጸጥ አለ። እኔ ጸጥ ያለ ቤት ውስጥ ዝም ብዬ መቀመጥ አላውቅም፤ እጄ ሥራ ይፈልጋል። አልጋውን ገፈፍኩ። አንሶላውን፣ የትራሱን ልብስ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ በእጄ አጠብኩ። ውጪ ካለው ገመድ ላይ አሰጣሁ። ነፋሱ ሲይዘው አንሶላው እንደ ሸራ ተወጠረ። ከደሴቲቱ ዳር እስከ ዳር ይታይ ነበር ብል አላጋነንኩም።

ትንሽ ቆይቶ ጥቁር ልብስ የለበሱ ሰዎች በመንገዱ ማለፍ ጀመሩ። አንዱም አንሶላውን ሳያይ አላለፈም። ቀና ብዬ ሰላም አልኳቸው፤ እነሱም በትሕትና ሰላም አሉኝ። እትዬ ፔጊ ገቡ። ባርኔጣቸውን አወለቁ።

"ሰናይት፣ አንሶላው ምን ሆኖ ነው?"

"ምንም አልሆነም። ሥራዬ ስለሆነ እጄ አላርፍ አለኝ።"

"ግድ የለም" አሉኝ። ትንሽ ተጨነቁ። "እዚህ ግን እሁድ ልብስ የሚያሰጣ ሰው የለም። ከድሮም የለም።"

"እሁድ ነው እንዴ?" ፊቴን በእጄ ሸፈንኩ። እኔ እኮ እሁድ እንኳን ልብስ ላጥብ መርፌም የማላነሣ ሰው ነኝ! ሮጬ ልሰበስብ ስል ክንዴን ያዙኝ። እየሳቁ ነበር።

"አይዞሽ፣ አይዞሽ። ማንም አልሞተም።"

"ሞታለች" አልኩ።

ወጥ ቤታቸው ውስጥ ተቀምጬ በሦስት ሳምንት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደ ሰው አለቀስኩ። እህቴን ነገርኳቸው። ማህደርን ማን እንዳሳደጋት ነገርኳቸው። በኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር በስልክ እንደማይነገር፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ በማለዳ ሄዶ እንደሚነገር፣ እኔ ግን እዚህ ማንም እንደሌለኝ ነገርኳቸው። የሚስቁብኝ መስሎኝ ነበር።

አልሳቁም። ሻይ ቀዱልኝ። "ባሌ ባሕር ላይ የቀረ ጊዜ" አሉኝ፣ "ቄሱና ሁለት ጎረቤቶቼ መንገዱን ጎን ለጎን ሆነው ሲመጡ በዚህ መስኮት አየኋቸው። በአዘቦት ቀን ጥሩ ኮታቸውን ለብሰዋል። በሩን ሳያንኳኩ አወቅኩ። ግን እስኪነግሩኝ ጠበቅኳቸው። ስንት ሰው ያስፈልግሻል?"

"ሦስት ብንሆን ጥሩ ነበር" አልኩ።

"እኔ አለሁ። ዶናልድን እጠራዋለሁ፤ ፖስታ የሚያድለው ጎረቤቴ ነው፣ መኪና አለው። ጎህ ሲቀድ ነው ያልሽው?" ሰዓታቸውን አዩ። "በዚህ ወር ጎህ የሚቀደው ከንጋቱ አሥር ሰዓት ላይ ነው። አሥራ አንድ እናድርገው።"

ሰኞ።

ጥቁር ቀሚሴንና ነጠላዬን ለብሼ ወረድኩ። እትዬ ፔጊ ትናንት ቤተ ክርስቲያን የለበሱትን ኮት ለብሰዋል። ዶናልድ ክራቫት አድርጎ መጣ። የፖስታ መኪናዋ ውስጥ ተጨናንቀን በጠባቡ መንገድ ወደ ደሴቲቱ ጫፍ ሄድን። ደሴ ብንሆን ኖሮ ይህን ጊዜ ስንት ሴት ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትከተለን ነበር። እኔ የያዝኩት እህቴን አይተዋት የማያውቁ ሁለት ሰዎች ነው። ግን ሰው ይዣለሁ።

ማህደር ነቅታ ነበር። ጎጆዋ ደጃፍ ደረጃው ላይ ኩባያ ይዛ ተቀምጣለች። መኪናው ሲቆም ቀና አለች። እኔን አየች፤ እትዬ ፔጊን አየች፤ ኮፍያውን በእጁ የያዘውን ዶናልድን አየች። ኩባያውን መሬት ላይ አስቀምጣ ተነሣች።

"አውቃለሁ" አለችኝ።

"ምኑን?"

"እማ፣ አውቃለሁ። ሦስት ሳምንቴ ነው።"

ደሴ ካሉት የዘመድ ልጆች አንዱ የዘነበችን ፎቶ ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ አውጥቶ ኖሯል። ሌሎቹ ዘመዶች ተቆጥተው በአንድ ሰዓት ውስጥ አስነሥተውታል። በዚያች አንድ ሰዓት ውስጥ ማህደር አይታዋለች።

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ?" አልኳት።

"አንቺስ ለምን ዝም አልሽኝ? በስልክ ስጠይቅሽ ደህና ናት አልሽ። ጉንፋን አልሽ! ቅዳሜ ደግሞ ሰላም ትልሻለች አልሽ። አይ ጌቭ ዩ ቱ ቻንስስ፣ እማ። ሁለት ዕድል።"

"ብቻሽን እንዳትሰሚው ብዬ ነው።"

"ብቻዬን ሰማሁት እኮ።"

ይህን ሁሉ ባሕር ያቋረጥኩት ልጄን ከአንድ ነገር ልጠብቃት ነበር፤ ያንኑ ነገር ነው ያደረግኩባት። እትዬ ፔጊ ቋንቋውን ባይሰሙም ገብቷቸዋል መሰለኝ ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

"አላለቀስኩም" አለች ማህደር። ድምጿ ዝቅ አለ። "ማንም ሳይነግረኝ እንዴት ላልቅስ? እነሣለሁ፣ ወፍ እቆጥራለሁ፣ እተኛለሁ። እዚህ ማን ያውቃታል? ለማን ነው እታለም ሞተች የምለው?" አየችኝ። "ንገሪኝ።"

"ምን ልንገርሽ፣ ታውቂው የለም እንዴ?"

"ንገሪኝ፣ እማ።"

ነጠላዬን አስተካከልኩ። ከዳንፎርዝ ጀምሬ ስደግመው የመጣሁት ረጅም ንግግር ነበረኝ፤ አንዱም አልመጣልኝም።

"ማህደርዬ፣ እታለምሽ አርፋለች።"

"እታለሜን!" ብላ ጮኸች። ከአሥራ አንድ ዓመቷ ጀምሮ ቶሮንቶ ያደገች ልጅ ናት፤ አማርኛ ሳወራት እንግሊዝኛ እየቀላቀለች የምትመልስልኝ ልጅ ናት። እንደ ደሴ ሴቶች ደረቷን እየመታች "እታለሜን! እናቴን!" እያለች ጮኸች። እናቴን ስትል አልከፋኝም። እውነት ስለሆነ አልከፋኝም። ያዝኳትና አብሬያት ለእህቴ ጮኽኩ። ከገደሉ ላይ ወፎቹ ተነሡ። ዶናልድ ኮፍያውን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ስሟን እንኳ በትክክል ለማይጠራት ሴት ያለቅስ ነበር።

ማክሰኞና ረቡዕ።

እትዬ ፔጊ ማንንም ሳይጠይቁ ማህደርን ወደ ቤታቸው ይዘዋት መጡ። እኔ ክፍል፣ እኔ አልጋ ላይ ተኛች፤ እኔ አጠገቧ። አሥራ አራት ሰዓት ተኛች። ጎረቤቶቹ እየመጡ ጫማቸውን በር ላይ እያወለቁ ገቡ። አንዱ ድንች፣ አንዷ ሾርባ፣ ሌላዋ ስኮን የሚሉትን ከዳቦና ከኬክ መሃል ያለ ነገር ይዘው ነው። እንደኛ አያጽናኑም። ይቀመጣሉ፣ ስለ ነፋሱ ያወራሉ፣ ዝም ይላሉ፣ ሻይ ይጠጣሉ፣ እጅ ጨብጠው ይሄዳሉ። እሁድ አንሶላዬን ያየችው ሴት ሁሉ መጥታለች። ሽሮ ሠርቼ አቀረብኩ፤ ጨርሰው በሉት፣ ዶናልድ ብቻ ውኃ ጠየቀ።

ሐሙስ።

መርከቡ በማለዳ ነበር። ማህደር ተኝታለች። ቀስ ብዬ ልውጣ፣ አልቀስቅሳት ብዬ ሻንጣዬን አንሥቼ በሩ ላይ ደረስኩ። እዚያው ቆምኩ። ለእሷ አስቤ ነው የምለውን ነገር እንደገና ላደርግ ነበር።

ተመልሼ ቀሰቀስኳት። "ማህደር፣ እየሄድኩ ነው።"

ቢጫ ልብሷን ከላይ ደረብ አድርጋ ወደብ ድረስ መጣች። "ምንም ነገር ቢሆን ደውዪ" አለችኝ። "መጥፎም ቢሆን። የታመምሽው አንቺም ብትሆኚ። ፕሮሚስ?"

"እሺ" አልኳት። መርከቡ ከራቀ በኋላ ነው አልጋውን ሳላነጥፍ መውጣቴ ትዝ ያለኝ። በአሥራ ሰባት ዓመት የመጀመሪያዬ ነው።

ቤቴ ገብቼ ሻንጣዬን ሳራግፍ ጸጥታው ከመሄዴ በፊት ከነበረው ባሰብኝ። ግን ቃሌን ጠብቄአለሁ። አሳንሰሩ ሲበላሽ፣ ጥርሴን ሲያመኝ፣ ሥራ ቦታ ሰዓት ሲቀንሱብኝ ሁሉንም ደውዬ ነግሬአታለሁ። እሷ ግን በየጊዜው "አንቺስ?" ስላት "ደህና ነኝ፣ አይም ፋይን" ነበር መልሷ። ከኔ የተማረችው ነው፤ ማንን ልቆጣ?

ባለፈው እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ስልኬ ጮኸ።

"ማህደርዬ፣ እንደምን አለሽ?"

ነፋሱ ይሰማኛል። የወፎቹም ጩኸት ይሰማኛል።

"እማ" አለችኝ፣ "ዛሬ ደህና አይደለሁም።"

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩና "ንገሪኝ" አልኳት።